የስፖርት ሳይንስ ትምህርትና የዋግ ተራሮች

ስፖርት ሳይንስ የሰው አካል ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲሸከምና ሲደክም በውስጡ ምን እንደሚካሄድ፣ በልምምድ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ይህም ዕውቀት ለትምህርት፣ ለውድድርና ለጤና እንዴት እንደሚውል የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። መሠረቱ የሕይወት ሳይንስ ነው፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከወጡበት የሚተርፈው ፊሽካና ኳስ ብቻ ነው። በአማራ ክልል ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ወልድያና ደብረ ታቦርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካዳሚ የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከፃግብጂም ሆነ ከሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ የሚነሣ ተማሪ ተራራውን ለቅቆ ከነዚህ ወደ አንዱ ይወርዳል። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የሚጠብቀው ከፍታ፣ ዳገት፣ የምግብ እጥረት፣ ድካም ግን ትቶት የመጣው አገር ጉዳይ ነው። የትምህርቱ ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ምሳሌዎች ከባሕር ወለል የተቀዱ ናቸው።

ወደ መስኩ የሚያስገባው በር ትንሽ ጠማማ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አይቀርብም። ተማሪው በሌሎች ትምህርቶች ተለክቶ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በነጥቡና በምርጫው ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያመጡት ሕክምናውን፣ ኢንጂነሪንጉንና ኮምፒውተሩን ከተቀራመቱ በኋላ ስፖርት ሳይንስ «ሌላ ካልደረሰ» ከሚባሉት ተርታ ይሰለፋል። በዚህ የተነሣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ተማሪ ይገናኛል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሮጥ ኖሮ ባዮሎጂ የሚያስፈራውና ባዮሎጂውን አብጠርጥሮ እያወቀ ሜዳውን ሁለት ጊዜ መዞር የሚያቅተው። ብልህ መምህር ሁለቱን ያጣምራቸዋል፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይለካል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ለጋራ ትምህርቶች ስለተሰጠ የባችለር ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ይህ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ ተመራቂ የተጣመመ ቁርጭምጭሚት ማሰር ወይም የሚፈራ ልጅ ዝላይ ማስተማር ይችል እንደሆነ ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም።

ትምህርቱ በሁለት ይከፈላል። አንዱ የሜዳ ነው፤ አትሌቲክስ፣ እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ እጅ ኳስና ጂምናስቲክ፣ ገንዳ ባለበት ደግሞ ዋና። ሌላው የክፍልና የላብራቶሪ ነው። ባዮሜካኒክስ የጉልበትንና የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግ ይመረምራል፤ የስልጠና ስልት ጭነትና ዕረፍት እንዴት እንደሚመጣጠኑ ያሳያል፤ ሥነ ልቦና፣ የስፖርት አመጋገብ፣ ልኬትና ምዘና፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ፀረ ዶፒንግና የስፖርት አስተዳደር ይከተላሉ። የሁሉም አከርካሪ ግን የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ነው። ጡንቻ ኃይሉን ከየት ያገኛል? ልብና ሳንባስ ኦክስጅኑን ምን ያህል ያደርሱለታል? ተማሪው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በትክክል ከያዘ የቀረው ብዙ አይከብደውም።

ስለ ከፍታ የሚሰጠው ምዕራፍ ለዋግ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደሌላው ቦታ ሁሉ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት በዚህ ከፍታ 580 አካባቢ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛውን እምብዛም አያልፍም። አካል ይህን ሲያውቅ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሠራል።

ጉዳዩ የዓለምን ትኩረት የሳበው ከሰቆጣ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ከፍታ ላይ ነበር። የ1961 ዓ.ም. ኦሎምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጡ። የአሸናፊው ሰዓት 29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ሲሆን ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ወደ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ መጨረሻው መስመር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ማሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማራቶኑን አሸነፈ። ስሱ አየር ብዙም ስላላገዳቸው የአጭር ርቀት ሯጮችና ዘላዮች ደግሞ ተጠቀሙ፤ የቦብ ቢመን የ8 ሜትር ከ90 ርዝመት ዝላይ የተመዘገበው እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የተካሄዱት ጥናቶች የኢትዮጵያን ደገኛ ለየት አድርገው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ በቲቤት ያሉት ደግሞ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ይቀንሳል። በሰሜን ተራሮች የተመረመሩት ግን በሁለቱም ልኬት ከባሕር ወለል ነዋሪ ብዙም አይርቁም ነበር። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ገና አላለቀም። ሰሜን ተራሮች ከዋግ በተከዜ ማዶ ናቸው፤ ርቀቱ ለአንድ የምርምር መኪና ብዙ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ-ጋንደርሰን ያወጡት ጥናት ደግሞ «ከፍ ብሎ መኖር፣ ዝቅ ብሎ መለማመድ» የሚባለውን ስልት አጠናከረ። አትሌቶቹ በ2,500 ሜትር እየኖሩ ፈጣን ልምምዳቸውን በ1,250 ሜትር ሠሩ። ደገኛው አየር ደሙን ያበለጽጋል፤ ቆላው ደግሞ እግር በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሮጥ ያስችላል። የሰቆጣ ዙሪያ ደጋና የተከዜ ሸለቆ ቆላ ይህን መሰላል በተፈጥሮ ይዘዋል። ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ በቆላው የሚሠራ የፍጥነት ልምምድ ጎሕ ሳይቀድ መጀመርና ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት። የመንገዱም ነገር አለ፤ ወርዶ ለመመለስ ቀኑን የሚፈጅ አትሌት ያተረፈውን በመኪና ውስጥ ይጨርሰዋል።

የላብራቶሪ ዕቃ አለመሟላት የዲፓርትመንቶቹ የዘወትር እሮሮ ነው፤ እሮሮው እውነት ቢሆንም አንዳንዴ መሸሸጊያ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሃርቫርድ የተቀመረው የደረጃ ፈተና የሚፈልገው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጽኑ መቆሚያና ሰዓት ብቻ ነው። በፃግብጂ ያለ የዳስ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ባይኖረው ጠርበው የሚያቆሙት ድንጋይ አያጣም። ተፈታኙ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ይወጣል ይወርዳል፤ አንድ ዙር «አንድ እግር ላይ፣ ሁለተኛው ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለተኛው ታች» የሚል አራት ምት ስላለው በደቂቃ 120 ምት ይሆናል። ምቱን የሚጠብቅ መሣሪያ ከጠፋ ከበሮ የለመደ እጅ በሰዓት እየታገዘ ይመታዋል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ተማሪው ይቀመጥና ከአንደኛው፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ የልብ ምቱ ለ30 ሰከንድ ለ30 ሰከንድ ይቆጠራል። የቆየበት ሰከንድ በ100 ተባዝቶ ለሦስቱ ቆጠራ ድምር እጥፍ ይካፈላል። አምስቱን ደቂቃ የጨረሰና 80፣ 65 እና 55 የተቆጠረለት ልጅ ድምሩ 200 ነው፤ 30,000 ለ400 ሲካፈል 75 ይመጣል፤ ይህ ከመካከለኛው ደረጃ ላቅ ያለ ነው። ለሴቶችና ለታዳጊዎች ዝቅ ያለ መቆሚያ ይመረጣል።

የኩፐር ፈተና የሚባለው የ12 ደቂቃ ሩጫ ደግሞ ሜዳ ብቻ ይበቃዋል። የተሮጠው ርቀት በሜትር ተለክቶ 504.9 ይቀነስለትና ለ44.73 ይካፈላል፤ 2,400 ሜትር የሮጠ ልጅ በኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ ቢበዛ 42.4 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል ተብሎ ይገመታል። ቀመሩ የወጣው ለአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች ነው። በሰቆጣ ሜዳ የተሮጠን 12 ደቂቃ ከዚያ ቀመር ጋር በሚሄደው የደረጃ ሠንጠረዥ አይቶ «ደካማ» ብሎ መመዝገብ የልጁን አቅም ሳይሆን የቦታውን ከፍታ መመዘን ነው። ለደገኛው የሚሆን የራሱ ሠንጠረዥ የሚሠራው ደግሞ እዚያው ያሉትን ልጆች ዓመት ከዓመት በመለካት ነው፤ ይህን ሥራ ከሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ የተሻለ የሚችለው የለም።

ከመለካት በፊት ግን የምግብ ጉዳይ ይቀድማል። መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነት የተቀነጨረ አካል በጉርምስና በሚሰጥ ልምምድ ተመልሶ አይካካስም። ድርቅ በመታው ወረዳ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ዳገት ወጥቶ የመጣን ልጅ እስኪዝል ማስሮጥ ጉዳት ነው፤ አካል ከሚያወጣው ኃይል የሚያገኘው ሲያንስ እድገትን፣ የወር አበባን፣ የአጥንት ጥንካሬንና በሽታን የመከላከል አቅምን እያጎደለ ይቆጥባል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን ችግር ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የአትሌቶች ዋና የጤና ጉዳይ አድርጎ ይዞታል። ስለ ስፖርት አመጋገብ የሚሰጠው ትምህርት ግን አሁንም ከውድድር በፊት ፓስታ መብላትን በማስረዳት ብዙ ጊዜ ያጠፋል። በሽሮና በእንጀራ፣ በጾም ወራት፣ በእጥረት ዘመን ልምምድ እንዴት እንደሚቀነስና እንደሚጨመር ማስተማር ይበልጥ ያስፈልጋል።

የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነትም ለመስኩ ሥራ ትቶለት ሄዷል። ከፃግብጂና ከአበርገሌ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣ ተጠልለው ቆይተዋል፤ የትምህርት ጊዜ የባከነባቸውና አካላቸው የተጎዳባቸው ብዙ ናቸው። ለአካል ጉዳተኞች የሚስማማ እንቅስቃሴን የሚያስተምረው ኮርስ በብዙ ተማሪ ዘንድ በቀላሉ የሚታለፍ ተደርጎ ይታያል፤ እንዲህ ባለ ወረዳ ለሚመደብ መምህር ግን ከእግር ኳሱ ሳይበልጥ አይቀርም። የአካል ጉዳት ከከፍተኛ ውድድር እንደማያግድ ማስረጃ አለ፤ ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው በማየት ጉዳት ምድብ ተወዳድራ ነው።

ተመራቂው የሚሰማራባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ትምህርት ቤት፣ የወረዳና የዞን ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ክለብ፣ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል፣ በከተማ ደግሞ ጂም። ዲግሪው ብቻውን የክለብ አሰልጣኝ አያደርግም፤ እግር ኳስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) የአሰልጣኝነት ፈቃድ ይጠይቃል፣ አትሌቲክስም የራሱ የደረጃ ስልጠናዎች አሉት። የአገሪቱ ታሪክ ግን የትምህርትንና የሜዳን ዝምድና አስቀድሞ አሳይቷል። ሯጮቹን ደራርቱን፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን ያሠለጠኑት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ ተምረው የተመለሱ ባለሙያ ነበሩ። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራ የጀመሩት በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ነው። በተቃራኒው ከዋግ ጎረቤት ከደቡብ ትግራይ የተገኘችው ለተሰንበት ግደይ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት ተባርራ እንደነበር ራሷ ተናግራለች፤ በኋላ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ልጅን በቅጣት የማያስሮጥ መምህር የማፍራቱ ኃላፊነት የዲፓርትመንቶቹ ነው።

የመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠይቃል። ብዙው ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ተጫዋቾች ላይ መጠይቅ በትኖ ይገላገላል። ከዋግ የሄደ ተማሪ ሌላ አማራጭ አለው። በዋግ በነሐሴ አጋማሽ የሚጀምረው ሻደይ፣ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በከበሮና በጭብጨባ፣ በዝላይና በእስክስታ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚውሉበት በዓል ነው። በእረፍት፣ በጨዋታው መካከልና ከጨዋታው በኋላ የልብ ምት ቢቆጠር፣ የጨዋታው ጊዜ ቢያዝና የጨዋታው ጭነት ከፍጥነት እርምጃ ወይም ከሶምሶማ ጋር ቢነጻጸር ለትምህርት ቤት የሚሆን የልምምድ ዓይነት ይገኝበታል። ጥያቄውን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ መጠየቅ የሚችል አጥኚ ያስፈልጋል፤ የፈቃድ ቅጹም በዚያው ቋንቋ መዘጋጀትና ለወላጆች መነበብ አለበት። ዕቃው የእጅ ሰዓት፣ ደብተርና የሚያግዙ ሁለት ሰዎች ነው።