እግሯ የተንፈራጠጠ ጫጩትና አሥራ ሰባተኛው ሐዲስ



ከኢማም አን-ነወዊ «አርበዒን» ውስጥ አሥራ ሰባተኛውን ሐዲስ መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን መደንገጉን ይነግረንና፣ ስናርድም ቢላችንን እንድንስል፣ የሚታረደውንም እንስሳ እንዳናሰቃይ ያዘናል። በዚህ ሐዲስ ላይ የሰማኋቸው ደርሶች አብዛኞቹ ስለ ቢላው ነው የሚያወሩት። እኔ ስለ ወለሉ ላውራ። እንስሳ በእጃችን የሚቆየው ለእርዱ ደቂቃ ብቻ አይደለምና።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጫጩት በተፈለፈለች በአንድ በሁለት ቀኗ መቆም ያቅታታል። እግሮቿ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንፈራጠጣሉ፣ በደረቷ ተኝታ ትንጫጫለች። ቤተሰብ «ሰንካላ ሆና ተፈለፈለች፣ ቀደሯ ነው» ይልና ጓሮ ያስቀምጣታል። የቀረውን ድመት ይጨርሰዋል። ባለፈው ክረምት እረፍት በሰፈራችን ይህንኑ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ቤቶች ደጋግ ሰዎች ያሉባቸው ናቸው። ቀደርማ ሁሉም በቀደር ነው። ግን ሰበብ የሚባል ነገርም አለ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ከእግሯ ሥር ነው፦ ላስቲክ፣ ጋዜጣ፣ የሚያንሸራትት ካርቶን።

ኢንጂነሪንግ ክፍል ለመግባት የማይጠይቅ ፊዚክስ ነው። አዲስ ጫጩት ወደ 40 ግራም ትመዝናለች። ለመቆም ስትገፋ እግሯ ወለሉን መቆንጠጥ አለበት። ሰበቃ ከሌለ እግሯ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ገና ያልጠነከረው ጅማትም በዚያው ይለመጣል። በቀናት ውስጥ ካልተመለሰ እንደዚያው ይጠነክራል። የመፈልፈያ ማሽን ሙቀት መዛባትም ሊያመጣው ይችላል፤ ለእኛ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወለሉ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከሥሯ ያለውን ላስቲክ አንሡና የጆንያ ቁራጭ ወይም ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ የቁስል ፕላስተር በቁመቱ በቀጭኑ ቁረጡ። መሐሉ ላይ ያለው ጨርቅ በሁለቱ እግሮች መካከል ይውላል፣ ሁለቱ ጫፎች ከጣቶቿ በላይ ላባ በሌለበት ቦታ እያንዳንዱን እግር ይዞራሉ። በመካከል የሚቀረው ርቀት ጤነኛዋ ጫጩት ስትቆም ያላትን ያህል ይሁን፣ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር። አታጥብቁት። እግሯ ካበጠ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ፍቱት። መጀመሪያ ላይ ትወድቃለች፣ ትጮኻለች፤ አትደንግጡ፣ እያነሣችሁ አቁሟት። በየቀኑ እያያችሁ ሦስት አራት ቀን ብታቆዩት ብዙዎቹ ይቆማሉ። ከተፈለፈለች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጀመረ እንደሆነ ነው ታዲያ፤ ሳምንት ካለፈ ተስፋው እየቀነሰ ይሄዳል።

እስከዚያ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጧት፣ ይረጋግጧታል፣ ይጠቀጥቋታልም። ግን ድምፃቸውን የምትሰማበት ቦታ ትሁን። ምግቡን አፏ ሥር አድርጉላት። ውኃው በትንሽ ክዳን ይሁንና ጠጠር ጨምሩበት፣ መነሣት የማትችል ጫጩት በጥቂት ውኃም ትሰምጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ አይቀርም) ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ።

የእግር ችግር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉና በቁርጭምጭሚቷ የምትሄድ ከሆነ የቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛ በውኃ የሚበጠበጥ ቫይታሚን ይረዳል። አንዱ እግሯ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ የቀረው ቄብ ከሆነች ደግሞ ማሬክስ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ ፈውስ የለውም፣ ያለው በተፈለፈሉበት ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው። ይህን ለመለየት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

«ፈተና ደርሶብን ስለ አንዲት ጫጩት?» የሚል ወንድም እንዳለ አውቃለሁ፣ ዶርማችን ውስጥ አለ። ስንመረቅ ሥራ ከጠፋ ተደራጁ የምንባለው በዶሮ ርባታ መሆኑን ላስታውሰውና ልለፈው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ድመት አስራ ሳትመግባት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት በገደለቻት ሴት ላይ የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የሚያስፈራኝ ማሰሯ ነው። ጫጩቷን ከእናቷ ክንፍ ሥር ወስዶ ካርቶን ውስጥ ያስገባት ሰው አስሯታል። ወለሏን፣ ሙቀቷን፣ ውኃዋን የመረጠላት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ «ሚስኪን!» ብሎ ከንፈር መምጠጥ ረሕመት አይባልም። ረሕመት እዚህ ጋ ፕላስተር መቁረጥ ነው። ለማከም አሥር ደቂቃ ሳይሞክሩ «በአላህ ላይ ተወክያለሁ» ማለትንም ተወኩል ልለው አልችልም። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ለሕፃኑ አቡ ዑመይር ስለ ትንሿ ወፉ ይጠይቁት እንደነበር እናስታውስ። ኡማውን የሚመሩ ሰው ለወፍ ጊዜ ነበራቸው።

በሌላ በኩል ለራሳችን ሐዘኔታ ስንል የምታሠቃይ ጫጩትን ሳምንታት ማቆየትም ኢሕሳን አይደለም። ታክማ ካልተሻላት፣ መብላትና መጠጣት ካቆመች፣ ዶሮ የሚበላ እንስሳ ነውና በተሳለ ቢላ ቶሎ ማረድ ጓሮ ከመጣል ይሻላል። የዚህን ፊቅህ ዝርዝር ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ቢላው ቦታው እዚህ ነው፣ መጨረሻው ላይ።

አርብተው የሚሸጡ ጓደኞች ላሏችሁ ደግሞ፦ ከ100 ጫጩት አንዷ ብቻ ከተንፈራጠጠች እሷን አክሙ፣ አሥር ከሆኑ ግን ፕላስተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ቀይሩ፣ ስለ መኖውና ስለ ማሽኑም ጠይቁ። ፕላስተሩን ስታነሡ ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት፣ የእግሯ ቆዳ ስስ ነውና አብሮ እንዳይነሣ።