ያስፈጠሩንን ማን አመሰገነ?

በ2004 ዓ.ም. ረመዳን የዋለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነበር። በዚያ ክረምት በበጎ ፈቃድ ልናስተምር ወላይታ፣ ቦዲቲ ወረድን። ቤተሰቦቻችን «በባዕድ አገር ማን ያስፈጥራችኋል?» ብለው ተጨንቀው ነበር።

ያስፈጠሩን አከራያችን ናቸው፤ ፕሮቴስታንት እናት። የኪራይ እንጂ የቀለብ ስምምነት አልነበረንም። የእነሱን ሥጋ እንደማንበላ ሳንነግራቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ሥጋ ያልነካው ድስት ለይተው አስቀመጡልን። 12፡45 ገደማ ስልካችን አዛን ሲል ጎዳሬው ተቀቅሎ፣ ቆጮው ከነጎመኑና ከነዳታው ቀርቦ ይጠብቀናል። ባለቤታቸው ሃላባ ደርሰው ሲመለሱ ተምር ይዘውልን ይመጣሉ። ክረምት የገበሬ ቤት የሚጎድልበት ወቅት መሆኑን ያሰብነው ዘግይተን ነው።

አስተምረን ስንመለስ የምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ተጨበጨበልን። እኛም በየቤታችን ስለ ራሳችን ድካም አወራን። ስለ ድስቱ ያነሳ ከመካከላችን አልነበረም።

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን ማለት ግን ለሰው የሚገባውን ለማስቀረት ሰበብ አይሆንም። ዘንድሮም ልጆቻችሁ ርቀው የሚያስተምሩ ወላጆች አላችሁ። «እንዴት አፈጠርክ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ስልኩን ለቤቱ እናት እንዲያቀብል ንገሩት። ቋንቋ ባትግባቡ እሱ ያስተረጉማል።

በወላይትኛ «አመሰግናለሁ» ማለት «ጋላታይስ» ነው። ቃሉን ከተማሪዎቻችን የተማርነው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ለአከራያችን ያልናቸው ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በስልክ ነው።