ዙሩ ሲከር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዳንስ ነው። «ደግሞ ለዳንስ ምን ምክር ያሻዋል? ሙዚቃው ሲመጣ ብድግ ማለት ነው እንጂ!» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ይህችን ደብዳቤ አንብቡና ፍረዱ።

«እኔና እጮኛዬ ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። በሰርጋችን ዕለት ሳልሳ ልንደንስ ብለን ሁለት ወር ተማርን። እርምጃው አላስቸገረኝም፤ ችግሬ መዞሩ ነው። አንዴ ስዞር እንገዳገዳለሁ፣ ከደገምኩት ራሴን ያዞረኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሰው ሁሉ እያየ ዘፍ ብዬ ወደቅኩ። እሱ ሳያነሳኝ በፊት ‹አንቺ እኮ ዳንስ አልተፈጠረልሽም› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልምምድ ትቻለሁ፤ በእሱም ላይ ልቤ ሻክሯል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ አይዞሽ! መዞር እንደማንኛውም ሙያ የሚለመድ ነገር ነው። ይዞት የተወለደ የለም።

መጀመሪያ አቋቋምሽን እንይ። ብዙ ሰው መዞር ሲባል ትከሻውን ወርውሮ፣ እጁን አወናጭፎ ይጀምራል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የእናቶቻችንን እንዝርት አስታውሺ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ይሾራል፣ ዘንበል ካለ ግን ይንገዳገዳል። አንቺም ክብደትሽን ሙሉ ለሙሉ በአንድ እግርሽ ላይ አሳርፊ። የምትዞሪው ከጣቶችሽ ሥር ባለው የእግርሽ ክፍል ነው፤ ተረከዝሽ ከወለሉ ትንሽ ብቻ ከፍ ይበል። ጉልበትሽን አታግትሪ፣ ሆድሽን ሰብሰብ አድርጊ። እኛ እስክስታ እያየን ያደግን ሰዎች ትከሻችን ለብቻው መሥራት ይወዳል፤ በዙር ጊዜ ግን ትከሻና ዳሌ አብረው ይሂዱ።

ሁለተኛው ዓይን ነው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ፈሳሽ አለ። ደጋግመን ዞረን ቀጥ ስንል እሱ ቶሎ አይቆምምና ቤቱ ሁሉ የሚሽከረከር ይመስለናል። መላው ይኸውልሽ፦ በዓይንሽ ትክክል ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ምረጪ፤ ሰዓትም ይሁን ሥዕል። ሰውነትሽ መዞር ሲጀምር ዓይንሽ እዚያው ይቆይ። አንገትሽ አልችል ሲል ጭንቅላትሽን ፈጠን አድርገሽ አዙሪና ያንኑ ሰዓት ቀድመሽ ፈልጊው። ጭንቅላት መጨረሻ ይነሳል፣ መጀመሪያ ይደርሳል ማለት ነው። ታዲያ ይህ ለሳልሳና ለመሰሎቹ ነው። እንደ ዋልዝ ተያይዘው በሚዞሩት ዳንሶች ጭንቅላት ለብቻው አይወረወርም።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ሳልሳ እስከ ስምንት ይቆጠራል፤ በአራትና በስምንት አይረገጥም። በተለመደው የሴቷ የቀኝ ዙር ከአንድ እስከ ሦስት መዘጋጃ ነው። በአምስት ግራ እግርሽን ወደፊት ረግጠሽ ወደ ቀኝ ትዞሪያለሽ፣ በስድስት ቀኝሽን ታሳርፊያለሽ፣ በሰባት በግራሽ ትጨርሻለሽ። ሁሉንም በአምስት ላይ ልጨርስ ያለ መውደቁ አይቀርም።

ጫማሽንም እዪ። ሶሉ ጎማ ከሆነ ወለሉን ነክሶ ይይዛል፤ እግር ቆሞ ሰውነት ሲዞር ጉልበት ይጠመዘዛል። እኔ ራሴ በስፖርት ጫማ ስማር ጉልበቴን አሞኝ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር። ሶሉ ስስ ቆዳ የሆነ፣ ከኋላ የሚታሰር ጫማ ይሻልሻል።

አሁን ደግሞ ወደ እጮኛሽ ልምጣ። ወንድሜ፣ እስቲ እጅህን አሳየኝ! የወንዱ እጅ መንገድ ያሳያል እንጂ አይጎትትም። ከአምስት በፊት ከፍ ብሎ «ልትዞሪ ነው» ይላታል፤ ከዚያ በአናቷ ትክክል ይቆያል። ወደ ጎን ከሳብካት ያ እንዝርት ያልነው ሰውነቷ ይዘማል። ጣቶቿንም ጨምድደህ አትያዝ፤ እጇ በእጅህ ውስጥ መዞር አለበት። ካለበለዚያ ትከሻዋን ልትጎዳት ትችላለህ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለህ? እጇን ልቀቅና ብቻዋን ትዙር። ብቻዋን ቀጥ ብላ ዞራ በአንተ እጅ የምትወድቅ ከሆነ፣ ዳንስ ያልተፈጠረለት ሌላ ሰው ነው ማለት ነው!

እህቴ፣ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃሻል። ዛሬ ሩብ ዙር፣ ሲለምድሽ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። በእያንዳንዱ መጨረሻ ቀጥ ብለሽ ሁለት ቁጥር ቁሚ። ቀጥ ብለሽ መቆም ሳትችዪ ሁለተኛውን ዙር አትጨምሪ። ማዞሩ ሳትደንሺም፣ ጋደም ስትዪም የሚመጣብሽ ከሆነ ግን ሐኪም ይይሽ።

ያን ቃል ደግሞ በሆድሽ ይዘሽ ሰርግ አትግቢ። «ስወድቅ መጀመሪያ እጅህን ነበር የጠበቅኩት» በዪው። ገብቶት ይቅርታ ከጠየቀሽ ልምምዱን አብራችሁ ቀጥሉ። አሁንም ከሳቀብሽ፣ ከዳንሱ በፊት ስለ ትዳሩ ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ይኖርባችኋል። በትዳርም ዙሩ የሚከርበት ቀን አይጠፋምና።