«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለታችን በፊት

በአገራችን አራስ የሚጠይቅ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይል አይቀመጥም። ይህን ሰላምታ ልብ ብሎ ለመረመረው ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ይኸውም ወላድ ከሞት ደጅ የተመለሰች ሰው መሆኗን አያቶቻችን አሳምረው ያውቁ እንደ ነበር ነው። እንግዲህ የቤት ውስጥ ወሊድ ነገር በተነሣ ቍጥር «የባላገር ሴት አደጋውን አታውቅም» እያልን የምንጀምር ወጣቶች ገና ከመነሻው እንሳሳታለን። እኔም ከተሳሳቱት አንዱ ስለ ነበርሁ፣ በቤተ ሰባችን የደረሰውን ለአንባብያን ልገልጥ እወዳለሁ።

የተወለድሁበት ቀበሌ ከሐሙሲት በታች፣ ወደ ጉማራ ወንዝ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። የደራንና የፎገራን ሜዳ በበጋ ብቻ ያየ ሰው ክረምቱን አያውቀውም። ጉማራና ርብ ሞልተው በወጡ ጊዜ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ይመስላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ስንቱን ከቀየው እንዳፈናቀለ ብዙዎች ያስታውሱታል። ውሃው ለሩዙ ሲሳይ ነው፤ ለመንገደኛው ግን ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም።

በ2006 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ እታለም እያልን የምንጠራትን ታላቅ እኅቴን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። እኔ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት መጥቼ ነበር። ጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ፤ እሳቱ ነደደ፤ አንዲቱ ወገቧን ታሻለች፣ አንዲቱ ትከሻዋን ትደግፋለች፣ አንዲቱ የገንፎውን ዱቄት ታሰናዳለች። «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ድምፅ ከጓዳ ይሰማል። የምታዋልደው ባልቴት እኔንም ስወለድ የተቀበለች ሴት ናት። በእኩለ ሌሊት ወንድ ልጅ ተወለደና እልል ተባለ፤ ወንዶቹም በደጅ ተመራረቅን።

ነገር ግን የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ቀረ፤ ደሙም አልቆም አለ። ባልቴቲቱ እጇን እየጠረገች ብቅ አለችና «እናንተ ሰዎች፣ ይህስ ከእኔ በላይ ነው፤ አሁኑኑ አንሡልኝ» አለች። ፊደል ያልቈጠረችው ሴት የችሎታዋን ወሰን ያወቀችው ከሁላችን ቀድማ ነው። የዘገየነው እኛ ወንዶቹ ነን። ባሏ ለጉዳይ ወረታ ሄዶ ነበርና አንዱ «ባለቤቷ ሳይኖር ወዴት እናነሣታለን?» አለ፤ ሌላው «ይንጋና ይታያል» አለ። እኔም ስልክ በኪሴ፣ ትምህርት በራሴ ይዤ፣ በታላላቆች መካከል መናገር ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቈጠቍጠኛል።

በመጨረሻ እናቴ ወጥታ «የምታነሡልኝ እንደ ሆነ አንሡ፤ አለዚያ ልጄን አዝዬ እሄዳለሁ» ባለች ጊዜ ወሳንሳው ተሠራ። እኔም አምቡላንስ የጠራሁት ገና ያን ጊዜ ነው፤ መኪናው ደግሞ ከአስፋልቱ ወርዶ በጭቃው ሊገባ አልቻለም። እየተፈራረቅን ተሸክመን ከመንገዱ ስንደርስ ነግቶ ነበር። እታለም የተረፈችው በሰው ደምና በመርፌ ነው።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፤ የመጀመሪያው ከቤት ለመውጣት አለመቍረጥ፣ ሁለተኛው የመንገድ ችግር፣ ሦስተኛው ከጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ርዳታ ማጣት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ብርቱዋን ሴት እንኳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በቤት የመውለድ ዋናው ጕዳት፣ ነገሩ በተበላሸ ጊዜ ማኅፀንን የሚያኮማትረው መርፌና ደም ሩቅ መሆናቸው ነው። የምትታመመው ሴት የትኛዋ እንደ ሆነች ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አገራችን በዚህ ረገድ ምንም አልሠራችም ማለት ግፍ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ሲያሠለጥን ኖሯል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴቶች ልጆቻችንን እስከ ቀበሌ አድርሷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆነዋል። በእነዚሁ ጥናቶች ግምት ከ100,000 ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች ከ871 ወደ 412 የወረዱት በ1992 እና በ2008 ዓ.ም. መካከል ነው። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገድ እየዘጋ፣ አምቡላንስ እያስቆመ ብዙ እናቶችን ወደ ጓዳቸው መልሷል።

ወደ እታለም ልመለስ። ሁለተኛውን ባረገዘች ጊዜ እኔው ራሴ ሰብኬ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድኋት። እናቴ ከበር ተመለሰች። ገንፎው በአገልግሉ እንዳለ ቀዘቀዘ። እታለም በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ብቻዋን ተጋደመች፤ ብትጮኽ ተቈጧት። ልጁን በደኅና ተገላገለች። ነገር ግን ስትወጣ «ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ከቤቴ ንቅንቅ አልልም። ብሞትም በወገኖቼ መካከል ልሙት» አለችኝ።

ይህን ድንቍርና ለማለት ይቃጣን ይሆናል። ነገር ግን በኦስትርያ ከተማ በቪየና እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት የሆነውን እናስታውስ። በዚያ በአንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱን ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው፣ ሁለተኛውን አዋላጆች ይሠሩበት ነበር። ሴቶቹ ከሐኪሞቹ ክፍል እንዳይገቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር፤ እዚያ ከመግባት በመንገድ ላይ መውለድ የመረጡም ነበሩ። ሐኪሙ ሰሜልቫይስ ነገሩን ቢመረምር፣ በሐኪሞቹ ክፍል የሚሞቱት ከእጥፍ በላይ ሆነው አገኛቸው። ሐኪሞቹ ሬሳ ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ያዋልዱ ኖሯል! በ1847 እጃቸውን በመድኃኒት እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ ሞቱ ወዲያው ቀነሰ። ሴቶቹ ምክንያቱን ባያውቁትም ፍርሃታቸው እውነት ነበረ።

የእታለምም ፍርሃት እንዲሁ ነው። ቤቷ የሰጣት የሰው ፍቅር ነው፤ ያጣችበት መርፌውንና ደሙን ነው። ጤና ተቋሙ መርፌውን ሰጣት፤ ያጣችበት ሰው ነው። ታዲያ አንዲት እናት ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የምትባለው ስለ ምንድን ነው? በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቈዩበትን ቤት ካቋቋመ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬም በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቈያ አለ፤ ገንፎ የሚገነፋባቸው፣ ቡና የሚፈላባቸውም አሉ። ጉማራ ሲሞላ ለሚቈረጠው ሜዳችን ከዚህ የተሻለ ብልሃት አይገኝም።

አንዳንዶች «አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ስንቷን ስታዋልድ አድራ፣ ፈገግታ ከየት ታመጣለች?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ድካማቸው ብዙ፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። ነገር ግን ቍጣ ድካምን አያቀልም፤ የምጥ ወገብ የምታሽ እናት ብትገባም ለነርሲቱ ረዳት እንጂ ሸክም አትሆንም።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ነገሩ ከእኛ ይጀምራል። በየቤታችን ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ማን እንደሚሸከም፣ ማን ደም እንደሚሰጥ፣ ባል ባይኖር ማን እንደሚወስን አስቀድመን እንነጋገር። በታላላቆች ፊት መናገር የሚያስነውር ከመሰለን፣ ዝም ማለቱ የሚያመጣውን እናስብ። በወረዳ ወንበር የተቀመጥን እንደ ሆነም «ስንት እናት በተቋም ወለደች?» ብለን ከመቍጠራችን ጋር፣ «ስንቷ ተመልሳ ልትመጣ ወደደች?» ብለን እንጠይቅ። የልምድ አዋላጆቹንም አንናቅ፤ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣት ከሁሉ ይልቅ የእነርሱ ቃል ነው።

እታለም ሦስተኛዋን በ2012 ዓ.ም. ወለደች። ብዙ ለምነናት ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደች። እናቴ እንደ ልማዷ ከበር ልትመለስ ስትል፣ አንዲት ወጣት አዋላጅ «እማማ፣ ይግቡና ወገቧን ይደግፉልኝ» አለቻት። ይህ ቃል በጀት አልጠየቀም፤ ከአዲስ አበባ መመሪያም አልጠበቀም። ገንፎው በትኵሱ ተበላ፤ እናቴም ልጇን እያየች፣ በዚያው በጤና ጣቢያው አልጋ አጠገብ ቆማ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።