ዘመኑ ያለፈበት ማኅተም

ላሊበላ ከተማ፣ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የቀበሌ መታወቂያ አገላብጣለሁ። ቀኑ ያለፈበትን አልቀበልም፤ «እማማ፣ አሳድሰው ይምጡ» ብዬ ከሩቅ የመጡትን እናት እመልሳለሁ።

የመታወቂያው ባለማኅተም ዘመንስ? ለቀበሌ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠነው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ቀርተዋል። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነው። የ2010ሩ ምርጫ ተራዘመ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫም ክልላችን ለቀበሌ ድምፅ አልሰጠም። ጦርነቱ ያመጣብንን መከራ አልክድም፤ መራዘሙ ግን ጦርነቱን ቀድሞታል።

ለሩቁ ፓርላማ ተሰልፈን፣ ደጃችን ላለው ዳኛ አለመጠየቃችን ይከነክነኛል። እኚያን እናት የመለስኩበት ሕግ ልክ ከሆነ፣ ለባለማኅተሙም ልክ ነው፤ አሳድሶ ይምጣ።