ከቤት ሆኖ የሚያዝ ዲግሪ ለማን ነው?

የነሐሴ ዝናብ ሳያባራ የኮሌጆች ማስታወቂያ ይዘንባል። «ሥራዎን ሳያቋርጡ፣ ከቤትዎ ሳይወጡ ዲግሪዎን ይያዙ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ፤ ክፍያው በየወሩ እንደሆነም ይነገራል። ማን እንደሚያስተምር ግን አይጻፍም።

የሚሸጠው ምቾት ነው። ምቾት ፈልጎ የተመዘገበ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው እሱኑ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ሞጁል የሚከፍት የባንክ ሠራተኛ ምቾት የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ለእሱ ሊሳካ ይችላል። የተማረውን በማግስቱ መስኮቱ ላይ ይሠራበታል፤ መምህሩ ባይጠይቀው አለቃው ይጠይቀዋል።

ገና ከ12ኛ ክፍል የወጣው ልጅ ግን ሌላ ነው። ስልሳ ሆነው በተቀመጡበት ክፍል ከሰሌዳ ሲገለብጥ ያደገ ልጅ፣ ብቻውን ማንበብ ማን አስተማረው? ወላጅ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ቀረልኝ ብሎ እፎይ ይላል። ልጁ ስልኩን ይዞ ክፍሉ ይገባል። ቲክቶክም ያለው እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ይህ የሐበሻ ልጅ ስንፍና አይደለም። ኤምአይቲና ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 ባቀረቧቸው የመጀመሪያዎቹ 17 የኦንላይን ኮርሶች የተመዘገበው 841,687 ነበር፤ ሰርተፊኬት የወሰደው 43,196። ነጻ ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። ከዓመታት በኋላ፣ በ2017/18፣ በዚያው መድረክ ገንዘብ ከፍለው ከተመዘገቡት እንኳ የጨረሱት 46 በመቶ ብቻ ናቸው።

«ዲሲፕሊን ካለ ሁሉም ይሆናል» ይላሉ ሻጮቹ። ዲሲፕሊን ኔትወርክ አያመጣም። በሰኔ 2011 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ለሳምንታት ጠፋ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራም ለወራት ሲታገድ፣ የክፍሉ ግሩፕ እዚያ የነበረ ተማሪ ቪፒኤን ፍለጋ ገባ። ትግራይ ውስጥ የነበረው ተማሪማ ምን ይባላል? እነዚህን ቀናት ከክፍያው ላይ የሚቀንስ ኮሌጅ ካለ በማስታወቂያው ይንገረን።

የሁሉም ሒሳብ የሚወራረደው በመውጫ ፈተና ነው። በ2015 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ሲሰጥ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17.2 በመቶ ነበሩ። መምህር ፊት ተቀምጠው የተማሩ ሳይቀሩ ያሉበት ቁጥር ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ «አሳይመንትና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ የማያውቅበት ሰፈር የለም፤ አሁንማ ሥራው ወደ ቴሌግራም ዞሯል። አራት ዓመት በሰው እጅ የጻፈ ተማሪ ፈተናው ዕለት የሚቀመጠው ብቻውን ነው። የወላጁ ገንዘብ አይመለስም።

ኦንላይን ትምህርት ይዘጋ ማለት አይደለም። ጅዳ ወይም ቤሩት በሰው ቤት እየሠራች፣ ሌሊት ስልኳን ከፍታ ሒሳብ አያያዝ ለምትማር ልጅ ሌላ በር የለም። ለእሷ ይህ በር ጠባብም ቢሆን በር ነው። ሌላ በር ላለው ልጅ ግን በርካሽነቱ ብቻ መመረጥ የለበትም።

መለኪያው ቀላል ነው። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነጻ አለ። ልጁ ከዚያ አንዱን፣ ማንም ሳይቆጣው፣ እስከ ሰርተፊኬቱ ያድርስ። ካልጨረሰ ለአራት ዓመት መክፈል ቁማር ነው። ከጨረሰ ደግሞ ወላጅ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዶ ያጣራ። ኮሌጁ በመደበኛ መርሐ ግብር ያገኘው ዕውቅና ለኦንላይኑ አይሠራም፤ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከተመረቀ በኋላ፣ ማስረጃውን ለማረጋገጥ ሲሄድ ነው።

ባለሥልጣኑም ከዚህ በላይ መሥራት ይችላል። ስንት ተማሪ ገብቶ ስንቱ እንደተመረቀ፣ ስንቱስ የመውጫ ፈተና እንዳለፈ ኮሌጆች በየማስታወቂያቸው ላይ፣ ከስልክ ቁጥራቸው እኩል በሆነ ፊደል እንዲያትሙ ያስገድድ።