የእግዚአብሔር ጊዜና የቢሮው ቀጠሮ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ስለ ትዕግሥት መስበክ ትርፍ ነገር ነው። አብዛኞቻችን እዚህ የደረስነው ጠብቀን ጠብቀን ነው። መጀመሪያ ምዝገባ ጠበቅን፣ ቀጥሎ ዕጣ፣ ከዕጣው በኋላ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በኋላ ውኃና መብራት። ታክሲ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ወሬው ከየትም ይነሣ ከየት መዝጊያው ያው ነው፤ «ግድ የለም፣ ሁሉም በእሱ ጊዜ ይሆናል»። ሙስሊሟ ጎረቤታችን «ሶብር ነው» ትላለች፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዋቃቱ ቤካ»፣ እግዜር ያውቃል፣ ብሎ ይጨርሰዋል። እኔም ይህን እምነት ከልቤ እጋራለሁ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት እምነቱ ያለ ቦታው ሲሠራበት ስለማይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ስትከፍት ከ350 ሺሕ በላይ ሰው ስሙን አስገባ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው ዳግም ሲከፈት ነባሮቹን ጨምሮ ቁጥሩ ከ900 ሺሕ አለፈ። በ20/80 የቤት ፕሮግራም ባለ አንድ መኝታ የመረጠ በወር 274 ብር፣ ባለ ሦስት መኝታ የመረጠ 685 ብር ንግድ ባንክ እያስገባ እንዲቆጥብ ተነገረው። ዛሬ ገንዘቡ የአንድ ምሳ ሒሳብ ይመስላል፤ ያኔ ግን ከመምህር ደመወዝ ላይ ሲነሣ የሚያጎድለው ነገር ነበረው። በ97 ነፍሰ ጡር ሆና የተመዘገበች እናት ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እሷ እስከዚያ ድረስ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃዋን ስትጭን ኖራለች። እንዲህ ያለውን ሰው እምነት ካላቆመው ምን ያቆመዋል?

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ20/80 13ኛ ዙርና የሌላው ፕሮግራም፣ የ40/60፣ ሁለተኛ ዙር ዕጣ ወጣ። 32,653 የ20/80፣ 18,576 የ40/60፣ በድምሩ 51,229 ቤቶች። ኮዬ ፈጬም ከሳይቶቹ አንዱ ነበር። የባለ ዕድለኞችን ዝርዝር በጣቱ እየተከተለ ስሙን ያገኘ ሰው እልል አለ። የተሳለው ስዕለቱን ሊያገባ ቁልቢ ገብርኤል ወረደ፤ ቸርች የሚሄደው ማይክ ጨብጦ መሰከረ። የሁሉም ቃል አንድ ነበር፤ «ጊዜው ሲደርስ ሰጠኝ!»

እልልታው ሳይበርድ በኦሮሚያ ከተሞች ሰው አደባባይ ወጣ። ኮዬ ፈጬ በኦሮሚያ ወሰን ውስጥ፣ ከአርሶ አደር በተወሰደ መሬት ላይ የተሠራ ነው የሚል ነበር ተቃውሞው፤ የክልሉ መንግሥትም ቤቶቹ እንዲተላለፉ እንደማይፈልግ በይፋ ተናገረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወሰኑን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚቴ አቋቋሙ። ባለ ዕጣው ስሙ ዝርዝር ላይ፣ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ፣ እሱ ኪራይ ቤት ሆኖ ሌላ ጥበቃ ጀመረ። ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰናቸው ላይ ተስማማን ያሉት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ዕጣው በወጣ ቀን የእግዚአብሔር ጊዜ ማን ዘንድ ነበር የደረሰው? እልል ካለው ዘንድ ነው ወይስ መሬቴ ካለው ዘንድ?

ከእኛ ብሎክ ማዶ ሌሊት መኪና የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። አንዳንድ ማታ ቆመን ስናወጋ በዱላቸው ያመለክቱኛል፤ «ያ መጨረሻ ያለው ብሎክ፣ እሱ ጤፍ ነበር። ከሱ በታች ሽምብራ።» ክረምት ሲገባ የኮዬ ጥቁር አፈር ጫማ ከእግር ላይ ሲነቅል እኛ እንራገማለን። እሳቸው ጎንበስ ብለው ቆንጠር ያደርጉና በአውራ ጣታቸው ያሹታል፤ ልክ ዱቄት እንደሚመርጥ ሰው። በአንዱ ምሽት፣ ዕጣ ሲደርሰኝ ያልኩትን ሁሉ እያሰብኩ፣ ደፈር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎስ ይህን ነገር የእግዜር ጊዜ ነው ይሉታል?»

ቶሎ አልመለሱልኝም። ቆይተው፣ «ልጄ፣ እግዜርን እዚህ ውስጥ አታግባው» አሉኝ። «ሜትር ይዞ የመጣው ሰው ነበር።»

እኚህ አባት እግዚአብሔርን የሚጠራጠሩ አይደሉም፤ ሳይጸልዩ ውለው አያድሩም። እግዚአብሔር የሁሉ ጌታ ነው ማለት የለካውን፣ የተመነውንና የፈረመውን ሰው ከተጠያቂነት ያወጣዋል ማለት እንዳልሆነ ግን ከብዙ ሰባኪ በተሻለ ገብቷቸዋል። እኛ ግን ሁለቱን እያምታታን ነው። አንድ ጉዳይ በዘገየ ቁጥር «የሱ ጊዜ አልደረሰም» ስንል የሰውን ሥራ ሁሉ በፈጣሪ ስም እንፈርምለታለን።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አሳይቶናል። ሐምሌ 1 ቀን የ20/80 14ኛ ዙርና የ40/60 ሦስተኛ ዙር ዕጣ ለ25,791 ቤቶች ወጣ። ባለሥልጣናት ባሉበት፣ ካሜራ በተደቀነበት አዳራሽ ነበር የወጣው። በቀናት ውስጥ የዕጣው ሥርዓት ተነካክቶ ለውድድሩ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች እንደተካተቱበት ታወቀ፤ የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰረዘ፤ ኃላፊዎችና የሥርዓቱ ባለሙያዎች ታሰሩ። በድጋሚ የወጣው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በጥር 2013 ዓ.ም. አስተዳደሩ ራሱ ባስጠናው ጥናት ከ21 ሺሕ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ችግር ያለባቸው ሆነው መገኘታቸውን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በማይገባቸው ሰዎች መያዛቸውን ይፋ አድርጎ ነበር።

በሐምሌዋ ሳምንት ስሙን ያገኘው ሰው «እግዚአብሔር ሰጠኝ» አለ፤ ያጣው ሰው «ጊዜዬ አልደረሰም» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሁለቱም የተናገሩት ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ደባን ፊት ለፊት እያዩ ነበር፤ አያውቁም እንጂ። ያኔ የሚመለከታቸው ሰዎች «ፈቃዱ ነው» ብለው ፋይሉን ዘግተውት ቢሆን ኖሮ ሌብነቱ እስከ ዛሬ ምስክርነት ይሰጥበት ነበር።

ሰባኪዎቻችን ስለ እግዚአብሔር ጊዜ ሲያስተምሩ ከዮሴፍ አይወጡም። ልክ ናቸው፤ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ነገር ግን ጉድጓዱን፣ ወኅኒውንና ዙፋኑን ሲተርኩ አንዲት ቦታ ዘለው ያልፋሉ። ዮሴፍ እስር ቤት ሆኖ ለጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ጉዳዩን አስረድቷል፤ ያለ በደሉ መታሰሩን ነግሮ ፈርዖን ዘንድ እንዲያነሣለት ለምኖታል። በእኛ ቋንቋ አቤቱታ አስገብቷል ማለት ነው። ሰውየው ከተፈታ በኋላ ረሳው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። እግዚአብሔር ያን ሁለት ዓመት ለበጎ አዋለው፤ ግብፅንም ያዕቆብንም ከረኃብ አተረፈበት። ሆኖም ጠጅ አሳላፊው በኋላ ፈርዖን ፊት ሲቆም «ለበጎ ነው የረሳሁት» አላለም፤ ጥፋቴን ዛሬ አስባለሁ ብሎ ነው ነገሩን የጀመረው። እግዚአብሔር ከመዘግየት ውስጥ መልካም ነገር ማውጣቱ ያዘገየውን ሰው አላጸደቀውም። በወንጌል ያለችውም መበለት ዳኛውን እስኪሰለቸው ድረስ ነው የተመላለሰችበት፤ ጌታችን የተረከልንም ሳይታክቱ ስለ መጸለይ ሊያስተምረን ነው። ለእሷ ጸሎትና ደጅ ጥናት የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም።

ዕጣ ራሱ ለሃይማኖት እንግዳ አይደለም። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን የተኩት በዕጣ ነው። የእኛ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ዳግም በተከፈተበት በዚያው በ2005 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን 118ኛ ፓትርያርኳን ካይሮ ላይ በዕጣ መርጣለች። ሦስት ስሞች በታሸጉ ክብ መያዣዎች ውስጥ ሆነው ውስጡ በሚታይ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተቀመጡ። ዐይኑ የተሸፈነ ሕፃን እጁን ሰዶ አንዱን አወጣ፤ አቡነ ታዋድሮስ ሆኑ። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ ስሞችም ተከፍተው ለሕዝብ ታዩ፤ ሦስቱም ላይ አንድ ስም ተጽፎ እንዳይሆን። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መራጩ እግዚአብሔር እንደሆነ አምነው ነው ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረጉት። እግዚአብሔር ነው የሚያወጣው ብሎ ያመነ ሰው የራሱን እጅ ንጽሕና ለሕዝብ ለማሳየት አይሰንፍም። የሚሰንፈው በእግዚአብሔር ስም መነገድ የለመደ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ዕጣ ያልደረሳቸውን ሰዎች የምናጽናናበት መንገድ ያስጨንቀኛል። «ጊዜሽ አልደረሰም እንጂ ይደርሳል» እንላለን፤ ነገሩን ዕቁብ እናስመስለዋለን። ዕቁብ ላይ መጨረሻ የወጣለትም ሰው ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ የሁሉም ስም ተቆጥሯል፣ ዳኛና ጸሐፊው ይታወቃሉ፣ ቀኑ ይታወቃል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንዲህ አይደለም። ሳይደርሳቸው በኪራይ ቤት ያረፉ የ97 ተመዝጋቢዎች አሉ፤ የባንክ ደብተራቸውን ልጆቻቸው ወርሰዋል። ሙሴም የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ ላይ አይቶ እዚያው ነው ያረፈው። የእግዚአብሔር ጌትነት ይህንንም ይጨምራል፤ ያልመጣውን፣ የማይመጣውንም። ተስፋ እንሰጣለን ብለን ያልተሰጠንን ቃል በእሱ ስም ከሰጠን፣ ነገ ያ ቤት ሲቀር የሚፈርሰው የሰውየው እምነት ነው።

በጽዋ ማኅበር የማውቃት አንዲት እናት በየዕጣው ስሟን ስታጣ ኖራ በመጨረሻ፣ «እኔ ላይ ያለ ነገር ቢኖር ነው» ማለት ጀምራ ነበር። ጠበል ገባች፣ ሱባኤ ያዘች። ቢሮ ሄዳ ግን አታውቅም። የማኅበሩ ሰዎች ገፋፍተን ስንወስዳት፣ ቁጠባዋ ባለመመዝገቡ ስሟ ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ታወቀ። ኃጢአቷ ሳይሆን የባንክ ወረቀቷ ነበር ችግሩ። ተስተካከለላት፤ ቤቱ ግን እስካሁን አልወጣላትም። ዛሬም እየጠበቀች ነው፤ ነገር ግን ቀና ብላ ነው የምትጠብቀው። «አሁን የቀረው የሱ ነው» ትላለች፤ በእሷ አፍ ይህ ቃል ክብደት አለው፤ የራሷን ድርሻ ጨርሳለችና።

ለእኔ በእግዚአብሔር ጊዜ መታመን ማለት ይህ ነው። ጊዜው የእሱ ከሆነ የሌላ የማንም አይደለም። ቤት የደረሰው ሰው «ጸሎቴ ከጎረቤቴ በለጠ» ብሎ አይኩራራበት፤ የቆመበት መሬት የማን እንደነበር ይጠይቅ። ያልደረሰው የእግዚአብሔር ፊት የጠቆረበት አይምሰለው። ማኅተም የጨበጠው ኃላፊም «ነገ ተመለሽ» ሲል የሚያባክነው የራሱ ያልሆነ ነገር መሆኑን ይወቅ፤ ፈጣሪን ከልቡ የሚፈራ ኃላፊ ባለጉዳይ አያመላልስም።

ለካህናቱ፣ ለፓስተሮቹና ለሸኾቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሰው ዓመታት የፈጀ ጉዳይ ይዞ ሲመጣባችሁ ጸልዩለት፤ ያስፈልገዋል። «በእሱ ጊዜ» ከማለታችሁ በፊት ግን ፋይሉ የት እንደደረሰ ጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ከምእመናኑ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው መድቡለትና ሰኞ ጠዋት ወረፋው ላይ አብሮት ይቁም። የካሣ ጥያቄ ያላቸው አርሶ አደርም፣ ቁጠባዋ የጠፋባት እናትም ይህ ሰው ያስፈልጋቸዋል። በሰው እጅ ያለውን ከሰው ከጠየቅን በኋላ የሚቀረውን ለእግዚአብሔር ስንተወው፣ ያኔ በእውነት ለእሱ ተውነው ማለት እንችላለን።